አረንጓዴ ሌዘር ፖይንተር በ3,000 ብር፦ የመርካቶው ወይስ የሜሪላንዱ?

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የሳይንስ ክበብ አለን፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ተማሪዎቼን አስወጥቼ ከዋክብት ላሳያቸው አስቤያለሁ። ቀን ደግሞ ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ሳስተምር ብጠቀምበት ደስ ይለኛል። መርካቶ 303 የሚሉትን አረንጓዴ ሌዘር በ1,200 ብር አየሁ። ሳጥኑ ላይ 1000 ሚሊዋት፣ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፣ በቅርቡ ትመጣለች። እሷ ያየችው 5 ሚሊዋት ብቻ ነው፣ ዋጋው ግን ከመርካቶው ሁለት እጥፍ ይበልጣል። 200 እጥፍ የሚያንስ ነገር ለምን ይወደዳል? ከ3,000 ብር በላይ ማውጣት አልችልም። የትኛውን ይመክሩኛል?»

የመርካቶውን አትግዛ። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ሌላውን ሳታነብ ብትተወው እንኳ እሱ እንዲደርስህ ነው። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብህ። መምህር ነህ፣ ነገ ከተማሪዎችህ አንዱ ይጠይቅሃል።

ከቁጥሩ እንነሳ። 1000 ሚሊዋት አንድ ዋት ነው። እውነተኛ አንድ ዋት አረንጓዴ ሌዘር ልብስ ያቃጥላል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ግድግዳ ላይ ያረፈውን ነጥብ በቅርብ ትኩር ብሎ ማየት እንኳ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። በሌዘር ደህንነት አመዳደብ ከ500 ሚሊዋት በላይ የሆነው ሁሉ ክላስ 4 ነው፣ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። እንዲህ ያለ ዕቃ በ1,200 ብር፣ በአንድ ባትሪ ድንጋይ፣ በእጅ የሚያዝ ሆኖ አይመጣም። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ውሸት ነው። ግን «ውሸት ከሆነ ደካማ ነው ማለት ነው፣ እንግዲያው አያሰጋም» ብለህ እንዳትዝናና። 303 የአንድ ፋብሪካ ዕቃ አይደለም። ብዙ ቦታ እየተመሳሰለ የሚሠራ ቅርጽ ነው። አንዱ 30 ሚሊዋት ሊያወጣ ይችላል፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ 100። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ 1000 እያለ እዚያው ዕቃ ላይ የተለጠፈችው ቢጫ ወረቀት «ከ5 በታች» ትላለች። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ለዓይን ግን 30ም 100ም ከበቂ በላይ ነው።

አሁን «200 እጥፍ» ያልከውን ላስተካክል። ዓይናችን ብርሃንን እንደ ሚዛን አይመዝንም። አንድ ነጥብ ሁለት እጥፍ ደምቆ እንዲታይህ ጉልበቱ ከሁለት እጥፍ በብዙ መጨመር አለበት። ስለዚህ ከ5 ወደ 50 ሚሊዋት ስትሄድ አደጋው አሥር እጥፍ ይጨምራል፣ ድምቀቱ ግን የዚያን ያህል አይታይህም። ከዋክብት ለማሳየት ያ ትርፍ ጉልበት ምንም አይጠቅምህም።

አረንጓዴ ከቀይ ይበረታል የሚባለውም እንደዚሁ ነው። የብርሃን ቀለም የሚለየው በሞገድ ርዝመቱ ነው፣ እሱም በናኖሜትር ይለካል። ቀን ላይ ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ነው። የተለመደው አረንጓዴ ሌዘር 532 ናኖሜትር ነው፣ በጣም ይጠጋዋል። ርካሹ ቀይ 650 ናኖሜትር ነው፣ በጣም ይርቀዋል። በዚህ የተነሳ እኩል ሚሊዋት ያላቸውን ሁለቱን ብታበራ አረንጓዴው በጣም ደምቆ ይታይሃል፤ ቀዩ እሱን ለማከል ስምንት እጥፍ ያህል ሚሊዋት ያስፈልገዋል። ጉልበታቸው እኩል ነው፣ የሚያደላው ዓይናችን ነው። ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ላይ የሚያርፈው ሙቀት ግን ለሚታየን ድምቀት አያዳላም፤ ቀዩም በሚሊዋቱ ልክ ይጎዳል።

10 ኪሎ ሜትር የሚለውን ደግሞ ጨርሶ እርሳው። ብርሃን 10 ኪሎ ሜትር ላይ ደርሶ አይቆምም። ጨረሩ እየሰፋ ይሄዳል እንጂ። ደህና የሚባል ፖይንተር በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ገደማ ይሰፋል። አንተ የምትፈልገው ነጥቡ የት ደረሰ የሚለውን ሳይሆን ጨረሩ አየር ላይ እንደ ክር ተዘርግቶ መታየቱን ነው። ያ ክር የሚታየው አየሩና በውስጡ ያለው ብናኝ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ከአንተ አጠገብ ለቆመ ተማሪ ክሩ ኮከቡ ላይ ሄዶ ያለቀ ይመስለዋል። ርቆ የቆመው ግን ጨረሩን በጎን ስለሚያየው ደብዛዛ ይሆንበታል። ስለዚህ ልጆቹን ሰብሰብ አድርገህ ከኋላህ አቁማቸው። ይህች ብቻዋን ተጨማሪ ሚሊዋት ከመግዛት ትበልጣለች። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ስጣቸው፣ ስልካቸውን ኪሳቸው ይክተቱ። ጨረቃ በሌለችበት ማታ 5 ሚሊዋት ኦሪዮን የሚባለውን የከዋክብት ስብስብም ሰባቱን ከዋክብትንም ለማመልከት ይበቃል። 1 ሚሊዋት ግን እናንተ ጋ ላይታይ ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ስስና ንጹሕ ስለሆነ ብርሃኑን የሚበትን ነገር ያንሳል።

ወደ ውስጡ እንግባ፣ ርካሹ ርካሽ የሆነበት ምክንያት እዚያ ነው ያለው። 532 ናኖሜትር የሚያወጣ ሌዘር ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራ አምፑል ወይም ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን የሚለውጥ ትንሽ ቁራጭ) የለም። መጀመሪያ 808 ናኖሜትር የሚያወጣ ዳዮድ አለ፤ ይህ ኢንፍራሬድ ነው፣ ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። እሱ ኒዮዲሚየም የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ትንሽ ክሪስታል ላይ ያርፋል። ክሪስታሉ ያንን ውጦ 1064 ናኖሜትር ያወጣል፤ ይህም ኢንፍራሬድ ነው፣ ፈጽሞ አይታይም። ከዚያ ኬቲፒ የሚባል ሁለተኛ ክሪስታል የ1064ቱን የሞገድ ርዝመት ለሁለት ይከፍለውና 532 ይሆናል። አረንጓዴ አለህ። እንግዲህ አስብ፣ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ያልተለወጠው 808 እና 1064 የት ይሄዳል? ወደ ፊት፣ ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ይወጣል። ደህና ዕቃ ከሆነ አፉ ላይ ኢንፍራሬዱን የሚያስቀር ቀጭን ማጣሪያ መስታወት አለው። ርካሹ ላይ ይህች መስታወት ብዙ ጊዜ አትገጠምም። ማጣሪያዋ ባትኖር ገዢው ምንም አይታየውም፣ አረንጓዴው እንደሆነ ይበራል።

ይህ በግምት የተወራ አይደለም። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት በ2010 ሦስት አረንጓዴ ሌዘሮችን በ15 በ15 ዶላር ገዝቶ ፈትሾ ነበር። የተባለላቸው ጉልበት 10 ሚሊዋት ነው። አንደኛው አረንጓዴው ደብዘዝ ያለ ነበር፣ ግን 20 ሚሊዋት ያህል ኢንፍራሬድ ያወጣ ነበር። ሰው «ይሄስ ደካማ ነው» ብሎ ሊንቀው የሚችለው ዕቃ ማለት ነው፣ ከሦስቱ በጣም አደገኛው። ያው ተቋም በ2013 ደግሞ 122 ሌዘር ፖይንተሮችን ፈትኖ ከአረንጓዴዎቹ ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት፣ ከቀዮቹ 44 በመቶ ያህሉ የአገሪቱን የደህንነት ደንብ እንደማያሟሉ አገኘ። አንዱ አረንጓዴ 66.5 ሚሊዋት ያወጣ ነበር፤ በዚያ አገር ፖይንተር ብሎ ለመሸጥ የተፈቀደው ጣሪያ 5 ነው። ይህን የምነግርህ «ከአሜሪካ ከመጣ ኦርጅናል ነው» ብለህ እንዳታምን ነው። እህትህ የምትገዛውም መፈተሽ አለበት።

ኢንፍራሬዱ ለምን እንደሚያስፈራኝ በአጭሩ ልንገርህ። የዓይን ሌንስ የገባውን ብርሃን ሰብስቦ ሬቲና ላይ ሲያሳርፈው ጥንካሬውን ወደ 100,000 እጥፍ ያሳድገዋል። የሚታይ ደማቅ ብርሃን ሲመጣ በሩብ ሴኮንድ ውስጥ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ፊትህን ታዞራለህ። 1 ሚሊዋትና ከዚያ በታች ያሉት ክላስ 2 የተባሉትም በዚህ ሩብ ሴኮንድ ላይ ተመሥርተው ነው። ለማይታይ ብርሃን ግን ማንም አይጨፍንም። ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም። የተቃጠለ ሬቲና መልሶ አይበቅልም፣ መነጽርም አይመልሰውም። ተራ የፀሐይ መነጽር አድርጎ ሌዘር ማየት የሚከላከል የሚመስላቸውም አሉ፤ አይከላከልም።

አሁን ወደ ምርጫው። ዛሬ ሌላ ዓይነት አረንጓዴ አለ፣ 520 ናኖሜትር ወይም 515 ናኖሜትር የሚባለው። ይህ ክሪስታል የለውም፣ ዳዮዱ ራሱ ቀጥታ አረንጓዴ ያወጣል። ኒቺያና ኦስራም የመሳሰሉት ኩባንያዎች ይህን ዳዮድ ገበያ ላይ ካወጡት ወዲህ ዋጋው እየወረደ መጥቶ አሁን በትንሽ ብር ይገኛል። ከክሪስታሉ ጋር የነበረው የኢንፍራሬድ ጣጣ እዚህ የለም። ለደብረ ብርሃን ደግሞ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ብርድ። ባለ ክሪስታሉ ውስጥ ያለው የ808 ዳዮድ ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ይሸሻል፣ በየዲግሪው ወደ 0.3 ናኖሜትር ይንሸራተታል። ክሪስታሉ የሚውጠው ደግሞ ጠባብ ክልል ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ደጅ ስታወጣው አረንጓዴው ይደበዝዛል፣ ይቆራረጣል፣ ያልተዋጠው 808 ግን ይጨምራል። ተማሪዎችህ ፊት «ባትሪው አለቀ» ብለህ ባትሪ ስትቀይር ታመሻለህ፣ ችግሩ ግን ባትሪው አይደለም። የ520ው በብርድ ይሻላል። ባለ ክሪስታል ካለህ ጋቢህ ውስጥ፣ ገላህ አጠገብ ይዘኸው ቆይ፤ ለማሳየት ብቻ አውጣው።

520 ሁሉ ይሻላል ግን አላልኩም። ጨረሩ ከባለ ክሪስታሉ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ርቆ ያረፈ ነጥቡም ክብ ሳይሆን ሞላላ ይሆናል። ለኮከብ ይህ ምንም አይደለም። ዋናው ነገር 520 መሆኑ የኢንፍራሬዱን እንጂ የጉልበቱን ውሸት አያስቀረውም። 5 ተብሎ 50 የሚያወጣ 520 ሞልቷል። ሻጮች ደግሞ ከልማድ ሁሉንም 532 ብለው ይለጥፋሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ አትመን። ቀዝቃዛ ዕቃ ስታበራ ደብዘዝ ብሎ ጀምሮ እየደመቀ ከሄደ ወይም ድምቀቱ ከተወዛወዘ ባለ ክሪስታል ነው። እንደ ተጫነ በሙሉ ድምቀቱ ከበራና ነጥቡ ሞላላ ከሆነ 520 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የመርካቶ ሻጮች አንድ ነገር ያደርጋሉ፣ ስንት ጊዜ ፊቴ ተደርጓል። «ጥራቱን ላሳይህ» ብለው ክብሪት ይለኩሱበታል፣ ጥቁር ፊኛ ያፈነዱበታል። ገዢው በደስታ ብሩን ይቆጥራል። ተወኝ፣ 5 ሚሊዋት ሌዘር ክብሪት አይለኩስም፣ ፊኛ አያፈነዳም፣ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር እንኳ አያጨስም። ክብሪት የለኮሰ ሌዘር በዚያው ቅጽበት ክፍል ውስጥ መግባት እንደሌለበት መስክሯል። ከዚያ ሱቅ ውጣ። የራስህንም እንዲሁ መመዘን ትችላለህ። ሁለት ሜትር ርቆ ነጭ ግድግዳ ላይ ያረፈውን ነጥብ ማየት ዓይንህን ካስጨነቀህ ከ5 ሚሊዋት በላይ እንደሆነ ጠርጥር።

የኢንፍራሬዱን ፍተሻ ቤትህ መሥራት ትችላለህ፣ ለአንተ ደግሞ ጥሩ የላብራቶሪ ትምህርት ይሆንልሃል። በ5 ሚሊዋት ዕቃ ብቻ ግን ሥራው፣ በ303ቱ እንዳትሞክረው። መጀመሪያ የቴሌቪዥን ሪሞት ወስደህ አፉን ወደ ስልክህ ካሜራ አድርገህ ቁልፍ ተጫን። ስክሪኑ ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ካየህ ያ ካሜራ ኢንፍራሬድ ያያል፤ የኋላው ካላየ የፊቱን ሞክር። ከዚያ አንድ አሮጌ ሲዲ መጽሐፍ ላይ አስደግፈህ አቁም። ነጭ ወረቀት መሃሉን ቀደህ ከሲዲው ፊት 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ አቁም። ሌዘሩን ከወረቀቱ ኋላ አስተካክለህ በቀዳዳው በኩል ቀጥ ብሎ ሲዲው ላይ እንዲያርፍ አድርግ፣ ቁልፉን በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ክፍሉን አጨልም። ሲዲው ጨረሩን በታትኖ ወደ ወረቀቱ ይመልሰዋል። ከቀዳዳው 3.5 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ አረንጓዴ ነጥብ፣ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሁለተኛ አረንጓዴ ነጥብ ታያለህ። አሁን ወረቀቱን በስልኩ ተመልከት። በሁለቱ መካከል፣ 6 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ዓይንህ የማያየው ስልኩ ግን የሚያሳይህ ነጥብ ካለ ያ 808 ነው። ማጣሪያ የለውም ማለት ነው፣ መልሰው። 1064ቱን በዚህ መንገድ ለመለየት አትልፋ፤ የ532 ሁለት እጥፍ ስለሆነ ልክ ሁለተኛው አረንጓዴ ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው። ይህን ስትሠራ ከሲዲው ፊት ማንም አይቁም፣ ዓይንህም ከጨረሩ ከፍታ በላይ ይሁን፣ ስልኩም ወረቀቱን እንጂ ሌዘሩን ወይም ሲዲውን አይመልከት። ሌዘር የስልክ ካሜራ ያቃጥላል።

ክፍል ውስጥ ስለመጠቀም ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ከዋክብት የሚያሳየው ሌዘር ለክፍል አይሁን። ፕሮጀክተር ላይ 1 ሚሊዋት አረንጓዴ ከበቂ በላይ ነው፣ ርካሽ ቀይም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ቀይ ቀለም በደንብ የማያዩ ተማሪዎች ካሉህ ግን ቀዩ ነጥብ ይጠፋባቸዋል፣ ይህን ሳያሳውቁህ ዝም ብለው የሚቀመጡ አሉ። ሎጂቴክ አር800 የሚባለው የፕሬዘንቴሽን መሣሪያ አረንጓዴ ሆኖ ክላስ 2 ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ብቻውን ግን በጀትህን ይበላዋል። ፕሮጀክተሩ ተበላሽቶ በቴሌቪዥን የምታስተምርም ከሆነ ሌዘር አትፈልግ። ጠፍጣፋ ስክሪን ብርሃኑን ስለሚውጠው ነጥቡ ይደበዝዛል፣ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ደግሞ ጨረሩን ወደ ተማሪዎቹ ይመልሰዋል። ቀጭን ቀርከሃ ዱላ ይበቃሃል። አብዛኛው ትምህርት ቤት ጥግ ላይ አንድ አይጠፋም፣ ዋጋውም ምንም ነው።

ስትገዛ ደግሞ ቁልፉን እይ። ሲጫኑት የሚበራ፣ ሲለቁት የሚጠፋ ይሁን። አንድ ጊዜ ተጭነኸው በርቶ የሚቀር አትግዛ፣ ከእጅህ ሲወድቅ ጨረሩ ልጆቹን ሁሉ ይዳብሳል። አፉ ላይ የሚጠመድ የኮከብ ቅርጽ ክዳን፣ ጨረሩን የሚያጠብ ቀለበት፣ ሁለትና ሦስት ቀለም፣ እነዚህ ሁሉ ለማሻሻጫ ናቸው። ባትሪውን በተመለከተ በሪሞት ቀጭን ድንጋይ የሚሠራ ብታገኝ ደህና ነው። ድንጋዩን ግን ጥሩ ግዛ፣ ፎርጅዱ በብርድ ወዲያው ይሞትብሃል። የ520 ዳዮድ ከሁለት ድንጋይ የበለጠ ቮልት ስለሚፈልግ ውስጡ ቮልት የሚያሳድግ ሰርኪት አለው፣ ድንጋዩ ሲደክም ቶሎ ያሳይሃል። ውስጡ ሊትየም ባትሪ ያለውና በዩኤስቢ የሚሞላው ለብርድ ይሻላል። እህትህ ተጨማሪ ሊትየም ባትሪ ከያዘች ግን ሻንጣ ውስጥ አትክተተው፣ አብሯት ወደ አውሮፕላኑ የምትገባው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሌዘሩ ባለ ክሪስታል ከሆነ ደግሞ አብርተህ አትተወው፤ አሥር ሃያ ሴኮንድ አብርተህ ያንኑ ያህል አሳርፈው፣ ሲሞቅ ይዳከማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሳትጠቀምበት ድንጋዩን አውጣ፣ ሌዘሩን ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ክተት።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። ጨረሩን ወደሚንቀሳቀስ መብራት በፍጹም አታድርስ። ከቦሌ የሚነሱና ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ሰማይህ ላይ አሉ። ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያቺ ክር ሦስት ሜትር ገደማ ሰፍታለች፤ አብራሪው የሚያየው ነጥብ ሳይሆን መስታወቱን በሙሉ የሞላ አረንጓዴ ብልጭታ ነው፣ ያውም ዓይኑ ጨለማውን በለመደበት ሰዓት። በአሜሪካ በ2024 ብቻ 12,840 እንዲህ ያለ ክስተት ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ሪፖርት ተደርጓል፣ እዚያ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ስለዚህ ከማብራትህ በፊት ሰማዩን ቃኘው፣ አንድ ተማሪ ሥራው አውሮፕላን መጠበቅ ብቻ ይሁን። ሌዘሩ ከእጅህ አይውጣ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልያዘው» የሚል ልጅ ይኖራል፣ አትስጠው። እሱ ኮከቡን እንዲመርጥ አድርግ፣ አንተ አመልክትለት። ቴሌስኮፕ ወይም ባይኖኩላር የያዘ ሰው ካለ ደግሞ ጨረሩን ወደ እሱ አቅጣጫ አታምጣ።

እንግዲህ የምመክርህ ይኸው ነው። 303ቱን ተወው። ለእህትህ እንዲህ ብለህ ጻፍላት፦ «520 ናኖሜትር፣ ከ5 ሚሊዋት ያልበለጠ፣ ሲለቁት የሚጠፋ፣ የአምራቹ ስምና ክላሱ የተጻፈበት፣ መመለስ ከሚቻልበት ሱቅ»። ከ20 እስከ 40 ዶላር ድረስ ይገኛል። በዕለቱ ምንዛሪ ከ3,000 ብር ካላለፈ በጀትህ ይበቃል። ካለፈ የክበቡ ልጆች ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ ይሞላል፤ አንድ ዕቃ ነው፣ በደንብ ከያዝከው ለብዙ ዓመት ያገለግላችኋል። መመለስ የሚቻልበት ቀን ሳያልፍ እዚያው ሜሪላንድ የሲዲውን ፍተሻ ትሥራው፣ በቪዲዮ እያወራችሁ አሥር ደቂቃ አይፈጅባችሁም። ያችን 6 ሳንቲ ሜትር ላይ የምትመጣ ነጥብ ካየች፣ ወይም ጥቁር ፕላስተር ካጨሰ፣ ትመልሰው። የተረፈ ብር ካለ ለክፍል 1 ሚሊዋት ቀይ ግዛ፣ ካልተረፈ ቀርከሃውን ይዘህ ግባ።